አብስኮንድ

ጥር 6

ዘጠነኛ ክፍልን ፈትኜ ሳርም ዋልኩ። እንዴት ያለ እንግሊዝኛ ነው በጌታ!

መሸት ሲል ጎረቤቴ እትዬ ኑርጃን ስልካቸውን ይዘው መጡ። የልጃቸው የቀመር አሠሪ ከዱባይ ጽፋለች። «በመካነ ሰላም እንግሊዝኛ ከሆነ መምህር ደሳለው ነው» አሉ። ደስ አለኝ...

አንድ ቃል ግን አላወቅኩም። «አብሰከንድድ» ብዬ አነበብኩት። «አብሰንት» ከሚለው ጋር ዘመድ መሰለኝ። መዝገበ ቃላት ማውጣት ደግሞ እሳቸው ፊት አፈርኩ።

«ከሥራ ቀርታለች፣ የት ናት ነው የምትለው። ተጨንቃ ነው።»

«ተጨንቃ» ከየት አመጣሁት?

«ሻርጃ ጓደኛዋ ዘንድ ናት። ለማንም እንዳትነግሪ ብላኝ ነበር... ሴትዮዋ ከተጨነቀችማ ይንገሯት።»

አድራሻውን በስልካቸው ለሴትዮዋ አሳምሬ ጻፍኩላቸው።

ጥር 7

ያ ቃል... ነገ አየዋለሁ።

ጥር 12

ቀመርን ፖሊስ ያዛት። ጓደኛዋ ናት ደውላ ለእትዬ ኑርጃን የነገረቻቸው። ሴትዮዋ ደሞዝ ከልክላት፣ ስትመታትም ነው አሉ የጠፋችው። መመታቷን ለእናቷ እንኳ አልነገረችም፣ እንዳይጨነቁ።

አልጋ ሥር ካለው ካርቶን መዝገበ ቃላቱን አወጣሁ። አነባበቡ፦ አብስኮንድ፣ መጨረሻው ጠበቅ ብሎ። ፍቺው፦ እንዳይያዙ በስውር መጥፋት፣ መኮብለል። አጠቃቀሙ፦ «ገንዘብ ያዡ ካዝናውን ይዞ ኮበለለ።»

መኮብለል! የኮበለለችን ልጅ ያለችበትን ጽፌ ሰጠሁ። በገዛ እጄ።

እትዬ ኑርጃን እያለቀሱ ይመርቁኛል። «ደክመውልኛል፣ አላህ ኸይሩን ይክፈልዎ።» ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ጥር 13

አሞኛል ብዬ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። አላመመኝም።

ጥር 16

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች... እኔው ነኝ።

ጥር 21

ቀመር እስካሁን እስር ቤት ናት። ሄጄ ነገርኳቸው።

«እትዬ ኑርጃን፣ ያን ቃል አላውቀውም ነበር። ገምቼ ነው።»

«ምኑን?»

«ጠፍታለች ነበር የሚለው። ሴትዮዋ ልታስይዛት እየፈለገቻት ነበር።»

«ያ ረቢ... ታዲያ አላውቅም ቢሉኝ ምን ነበረበት? ፊርደውስ ስምንት ዓመት ዱባይ ኖራ የመጣች፣ እዚህ አጥሩ ማዶ አለች። እሷን እጠይቅ ነበር።»

አልተቆጡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለኤምባሲው ማመልከቻ ልጻፍ አልኳቸው።

«ይተዉት መምህር። ፊርደውስ ትጽፈዋለች።»

ተነሳሁ። ሌላ ጊዜ እስከ መንገዱ ድረስ ይሸኙኝ ነበር። ዛሬ ከተቀመጡበት አልተነሱም።