የእንቅልፍ ደብተር

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአራተኛው ቀን
ከምሳ በኋላ፣ ልጆቹ ተኝተው

ለምወድህ ልጄ፣ ለድልድይ ሠሪው፣

ከሁሉ አስቀድመህ ይህን ተረዳ፦ ሚስትህ እንቅልፍ ካጣች ሰባት ወር ሆኗታል። ባለፈው ወር በስልክ «እየተሻላት ነው» ያልኩህ ስህተት ነበር፤ ስህተቱም የእኔ ነው። ልጆችህ ደህና ናቸው። እሷም ትሠራለች፣ ትስቃለች፣ ከእኔ ጋር ትከራከራለች። ስለዚህ ደንግጠህ አትነሳ፤ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብብ።

በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ግን አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ የሰማኸውን «እሺ እማዬ» ብለህ ታሳልፋለህ፣ ያነበብከውን ግን አትረሳም። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳህ። አንተ ለድልድዩ ሥራ ባሕር ማዶ ሄደህ እኔ ሻንጣዬን ይዤ እዚህ ከገባሁ ዘጠኝ ወር ሆነ። በሁለተኛው ወር ጎማዬ ሌሊት መጥባት ተወ። (ልጅህን ጎማዬ የምለው ክንዱን ብታየው ይገባሃል።) ሁላችንም «ተገላገልሽ» አልናት። እሱ እስኪነጋ ለጥ ይላል፣ እሷ ግን ጣራ ጣራውን እያየች ታነጋለች። መጀመሪያ የቀልድ ያህል ነበር። ስፌት ቤት ሁለት ግራ እጅጌ ያለው ሸሚዝ ሰፍታ፣ አሠሪዋ «ደንበኛችን ሁለት ግራ እጅ እንዳለው ደውዬ ልጠይቅልሽ?» ብላ አስቃባታለች።

እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፤ ችግር ሳይ ሠንጠረዥ አሰምራለሁ። የሒሳብ ደብተር ገዛሁና አምዶች አወጣሁ፦ አልጋ ላይ የወጣችበት ሰዓት፣ እንቅልፍ የወሰዳት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ እንደነቃች፣ ጠዋት ምን እንደተሰማት። እሷ በየቀኑ ትሞላለች፣ እኔ በየእሑዱ አያለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የተኛችው በቀን ሁለት ሰዓት ነበር። በሁለተኛው አራት፣ በሦስተኛው ስድስት! እኔም በቀይ እስክሪብቶዬ «በርቺ»፣ «ጎበዝ»፣ በመጨረሻም «እጅግ በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩላት። ያን ዕለት ነው ደውዬ የምሥራች ያልኩህ። አንተም በሳምንቱ «እንግዲያው ውሉን ለሁለት ዓመት ላራዝመው» አልክ። እሷም «አራዝመው» አለችህ።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ልጅቷን ዩኒፎርም አልብሳ ትምህርት ቤት ወሰደቻት። ጥበቃው በበሩ ቀዳዳ አይቶ፣ «እመቤት፣ ዛሬ እኮ እሑድ ነው፤ መምህራኑም ይረፉ እንጂ» አላት። ጠበቃዋ ልጅህ (አምስት ዓመቷ ነው፣ ክርክር አትሸነፍም) ቤት ስትደርስ ቦርሳዋን ወርውራ፣ «እኔ ነግሬያታለሁ! ሦስት ጊዜ ነግሬያታለሁ!» ብላ ከሰሰች። ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ ግን አልሳቅንም። ጎማዬ ትንሽ አተኩሶት ስለነበር ሚስትህ ማስታገሻውን በማንኪያ ቀድታ አፉ ጋ ስታደርስ፣ ጠበቃዋ «አሁን ሰጥተሽው የለም እንዴ?» አለቻት። ጠርሙሱን አየነው። እውነቷን ነበር፤ ከሩብ ሰዓት በፊት ሰጥታዋለች፣ ግን ጨርሶ አታስታውስም። ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። ሁለተኛው አልተዋጠም፣ ልጁም ምንም አልሆነም። እሷ ግን ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ፣ «እማማ፣ እኔ ለእነዚህ ልጆች አልታመንም» አለችኝ።

ስድስት ሰዓት የምትተኛ ሴት እንዲህ አትሆንም። ደብተሩን አምጥቼ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩና እንደገና አየሁት። የመጀመሪያው ሳምንት መስመሩን የለቀቀ፣ የተሰረዘ፣ አንዱ በእርሳስ፣ አንዱ በሰማያዊ የተጻፈ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ንጹሕ! ሰባቱም ቀን በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ግፊት፣ አንድ ጊዜ ቁጭ ብላ የሞላችው። ሠላሳ አራት ዓመት በመጨረሻው ደቂቃ የተሞላ የቤት ሥራ ከሩቅ ስለይ ኖሬ፣ በገዛ ቤቴ አለፈኝ። ያለፈኝ ዓይኔ ደክሞ አይደለም፤ እውነት እንዲሆን ስለፈለግኩ ነው።

«ለምን?» አልኳት።

«እማማ፣ በየሳምንቱ ዜሮ ይዤልዎት ልምጣ? ያ ‹በርቺ› የሚለው ቃል እኮ የሳምንቱ ደስታዬ ነበር።»

«እሱንም ‹አራዝመው› አልሽው።»

«ምን ልበለው? ድልድይህን ትተህ ና፣ ሚስትህ መተኛት አቃታት?»

ደብተሩን ቀድጄ ጣልኩት። በማግስቱ እውነተኛውን ቁጥር ይዘን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሰዓቱን ከመኝታ ክፍሉ እንድታስወጣ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲላት ተነሥታ ሌላ ክፍል እንድትቀመጥ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት እንድትነሳ አዘዛት፤ በየሳምንቱ የምታናግራት ባለሙያም አገናኛት። መድኃኒት የምሰጠው እኔ ነኝ። የልጆቹ ክፍል የተኛሁትም እኔ ነኝ፤ ጎማዬ በእግሩ ጎኔን ሲደበድበኝ ያድራል። ትናንት ጠዋት «አራት ሰዓት መሰለኝ» አለችኝ። ምንም አልጻፍኩላትም፤ ግንባሯን ሳምኳት።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርህ። በሠርግህ ዕለት «እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ደብተር ስታርም እያደረች ያሳደገችኝ ትጉህ መምህርት ናት» ብለህ አስጨበጨብክልኝ። ልጄ፣ የአንድ ክፍል ደብተር እስኪነጋ አይፈጅም። አርሜ ስጨርስ ያረምኩትን መልሼ አርም ነበር። አባትህ ማዶ ክፍል ያንኮራፋል። ደግ ሰው ነበር፤ ቢያውቅ ኖሮ ይነሳ ነበር። አልነገርኩትም። እሱም ትጉህ ናት ይለኝ ነበር።

ከአንተ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ከሥራ ስትወጣ የምትደውልበት ሰዓት እዚህ እኩለ ሌሊት ነው። ባትደውልም ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። በምሳ እረፍትህ ደውል፤ ያኔ እኛ ጋ እራት ነው፣ ልጆቹም ይሻሙብሃል። ሁለተኛ፣ ወሩ ሲያልቅ ትፈርማለህ ብለሃል። አትፈርም ማለት የእኔ ቦታ አይደለም። እሷን ሳታናግር ግን አትፈርም፤ «ደህና ነኝ» ስትልህም አንድ ጊዜ ጠይቀህ አትመለስ።

ድልድይህ የሚያሻግር ይሁን። እጅህ አይዛል፣ እግርህ አይሳት፣ የሄድክበትን ጨርሰህ በደህና ቤትህ ያግባህ።

የምትሳሳልህ
እናትህ

ከፈረምኩ በኋላ የምጨምረው፦ ሳላሳያት መላክ አልወደድኩም፤ ሰጠኋትና አነበበችው። ስትጨርስ «እማማ፣ ቀይ እስክሪብቶዎን ያውሱኝ» አለች። መጀመሪያ ላይ «ሰባት» የሚለውን ሰርዛ ከላዩ «አሥራ አንድ» ብላ የጻፈችው እሷ ናት። አንተ ከሄድክ ዘጠኝ ወር ነው። እኔ ቆጥሬዋለሁ፤ አንተም ቁጠር። አትዘን፤ ያኔ አጠገብህ ሆናም የምታሳይህ ገጽ እንደ ደብተሩ ንጹሕ ነበር። እርማቷን ግን ሳልነካ ልኬልሃለሁ።

መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ጻፍላት። ይህ በደረሰህ ዕለት፣ ሳታሳድር።