ወይዘሮ ቆንጂት ዓባይነህና ሰባተኛው ሣጥን

ወይዘሮ ቆንጂት ዓባይነህ ከአባታቸው ከአቶ ዓባይነህ ወልደሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ይመር ጥቅምት 12 ቀን 1948 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። በአራተኛው ዓመት ታናሽ እህታቸው ማዘንጊያ ተከተለች። ይህን ጽሑፍ እንድታዘጋጅ ቤተሰቡ የመረጠው እርሷን ስለሆነ ስሟ ደጋግሞ ይነሣል። ሳይነሣ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነውና ለዛሬ ታገሷት።

አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ወይዘሮ ቆንጂት ከአምስት ዓመታቸው ጀምሮ ከሱቁ ወለል ላይ የወዳደቁ ቁልፎችን እየለቀሙ፣ በቀለምና በመጠን እየለዩ በብስኩት ቆርቆሮ ያጠራቅሙ ነበር። አንድ ቀን አባታቸው ከአንድ ትልቅ ሰው ካፖርት የተረፈ፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብለጨልጭ ቁልፍ ሰጧቸው። ማዘንጊያ አለቀሰች። አራት ተራ ቁልፎች ተሰጥተዋት «አራት ከአንድ ይበልጣል» ተብላ ተሸነገለች፤ ግን አልተሸነገለችም።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ደሴ ተከታትለው በ1966 ዓ.ም. አጠናቀቁ። እጅ ጽሑፋቸው የታወቀ ነበር። ማዘንጊያ በኋላ በገባችበት ክፍል ሁሉ የአስተማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ «የቆንጂት እህት ነሽ?» ነው። «ነኝ» ማለት የሰለቻት ገና ሦስተኛ ክፍል ሳለች ነው።

በ1968 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠሩ። በዚያም ሃያ አራት ዓመት ሲያገለግሉ አንድ ፋይል ጠፋባቸው ተብሎ አያውቅም። በጥር 1973 ዓ.ም. ከአቶ ጎሹ ሀብተማርያም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ቢታንያንና የአብሥራን አፍርተዋል። አቶ ጎሹ መጀመሪያ ዓይናቸውን የጣሉት ማዘንጊያ ላይ ነው የሚል ወሬ አለ። ወሬውን የምታወራው ራሷ ማዘንጊያ ናት።

በ1991 ዓ.ም. የሁለቱንም የዲቪ ፎርም የሞላችው፣ ፎቶ ያስነሣችው፣ ፖስታ ቤት ተሰልፋ የላከችው ማዘንጊያ ነበረች። የወጣው ለወይዘሮ ቆንጂት ነው። በቀጣዩ ዓመት ከነቤተሰባቸው ወደ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ መጡ። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ተማሪዎች የሚከራዩአቸውን ቤቶች ያጸዱ ነበር፤ ቀጥሎ አረጋውያንን በየቤታቸው የመንከባከብ ሥራ ያዙ። ማዘንጊያ የመጣችው በ1998 ዓ.ም. በራሷ ዲቪ ነው። በራሷ መሆኑ ይሰመርበት።

ስትመጣ እህቷን ያገኘቻቸው ከሌላ ሰው ጋር ነው። ወይዘሮ ቆንጂት በሚነርቫ ፓርክ የሚኖሩ ሚስስ ዶረቲ የሚባሉ የሰማንያ ስድስት ዓመት አሜሪካዊት ይንከባከቡ ነበር፤ «እማማ» ብለው ነበር የሚጠሯቸው። የሥራ ሰዓት ካለቀ በኋላም አይወጡም። የሚስስ ዶረቲ እናት በወጣትነታቸው በዚህችው ከተማ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ በየመንገዱ ከቀሰቀሱት አንዷ ነበሩ። ሚስስ ዶረቲ የእናታቸውን ዕቃ በጫማ ካርቶን አስቀምጠውት፣ ከወይዘሮ ቆንጂት ጋር አልጋ ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ ያዩታል። ከትከሻ እስከ ወገብ በሰያፍ የሚወርድ የደበዘዘ ጥብጣብ፣ ለሰልፍ የተበተኑ ወረቀቶች፣ ፖስት ካርዶችና ዳይም ከምትባለው ትንሽ ሳንቲም የማትበልጥ፣ «ድምፅ ለሴቶች» የሚል የታተመባት ቢጫ ባጅ ነበሩ። ማዘንጊያ ከአውሮፕላን በወረደች በሳምንቷ ይህንን ሁሉ ቆማ አይታለች። ወንበር የሰጣት አልነበረም።

ሚስስ ዶረቲ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፉ ካርቶኑን ለወይዘሮ ቆንጂት ተናዘዙላቸው። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ቆንጂት ያንን ዘመን የሚመለከት ነገር የተሸጠበት ሁሉ ይገኙ ጀመር፤ ሰው አሮጌ ዕቃውን በደጁ የሚሸጥበት ጋራዥ ሴል ቢሆን፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ቢሆን። ካርቶኑ ሰባት ሣጥን ሆነ። ለእያንዳንዱ ዕቃ እንደ መዝገብ ቤቱ ካርድ አወጡለት፤ ካርዱ ላይ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ የየት አገርና የየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ ማን እንደለበሰው ወይም እንደያዘው ይሰፍራል። ለባሿ ካልታወቀች ቦታው ባዶ ይተዋል። የማያውቋቸውን ሴቶች ስም ለማግኘት ስንት ጊዜ ላይብረሪ ተመላልሰዋል! ማዘንጊያ ግን ስልክ ስትደውል «ካርድ እየጻፍኩ ነው፣ ልደውልልሽ» ይሏታል። ይደውሉላት ነበር፤ ግን ስለ ካርዱ ለማውራት።

በነሐሴ 1904 ዓ.ም. የኦሃዮ ወንዶች ሴቶች ይምረጡ አይምረጡ ተብለው ተጠይቀው «አይምረጡ» ብለው ነበር። ቢጫዋ ባጅ የዚያ ቅስቀሳ ናት። ማዘንጊያ አንድ ቀን «እትዬ፣ የተሸነፉበትን ነው እንዴ እንዲህ የምትንከባከቢው?» ብትላቸው፣ «ያሸነፉትንማ ሁሉም ያስቀምጠዋል» አሏት። የማዘንጊያ ንዴት ግን አልወጣላትም።

በነሐሴ 2008 ዓ.ም. አንድ የሰፈር ላይብረሪ ስብስባቸውን ለሕዝብ አሳየ። ወይዘሮ ቆንጂት ነጭ ቀሚስ ለብሰው ቆሙ። ካርዶቹን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱላቸው የላይብረሪው በጎ ፈቃደኞች ዓመቱን እንዳለ ገልብጠውት ኖሮ፣ ባጇ ሥር 1904 ተብሎ ተለጥፏል። አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ጠጋ ብለው በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ ምርጫ በኦሃዮ እንዳልነበረ በትሕትና ተናገሩ። ወይዘሮ ቆንጂት ሁሉንም ካርድ፣ ሰባቱንም ሣጥን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደጻፉት ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። ማዘንጊያ ከኋላ ሆና ሳቋ አመለጣት። ቢያንስ አንድ ጊዜ እህቷ ሰው ፊት ሲሳሳቱ አየች። ደስታዋ ግን ዕድሜ አላገኘም። ወይዘሮ ቆንጂት አገራቸው ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደምትቆጥር በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው አስረዱ፤ «እኔ ዘንድ እነዚህ ሴቶች ስምንት ዓመት ወጣት ናቸው» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ስሕተታቸው እንኳ ተጨበጨበለት።

ማታ ዕቃው ሲታሸግ ያገዘችው ማዘንጊያ ናት። ባጇን ቦርሳዋ ከተተቻት። ይህ ቦታ በሕይወት ታሪክ ላይ የሚታለፍ ነበር፤ ጸሐፊዋ ግን አላለፈችውም።

ወይዘሮ ቆንጂት ቤቱን ገለባበጡት። የቫኪዩሙን ከረጢት ጋዜጣ ላይ ዘርግፈው አቧራውን በጣታቸው ፈተሹ። ማንንም አልጠረጠሩም፤ ማዘንጊያንም አብረሽኝ ፈልጊ ብለዋት አብራ ፈልጋለች፤ ሶፋውን አንሥታለች። ለእርሷ ሲያደርጉላት የማታውቀውን ነገር ለአንዲት ቆርቆሮ ሲያደርጉ ስታይ ባጇን ከመመለስ ይልቅ እልህ ያዛት።

ማዘንጊያ ዜግነቷን ያገኘችው በዚያው ዓመት ነው። ጥቅምት 29 ቀን 2009 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ልትሰጥ ስትል ወይዘሮ ቆንጂት የራሳቸውን ቀደም ብለው መርጠው ጨርሰው ስለነበር፣ ማዘንጊያ ወደምትኖርበት ወደ ዋይንላንድ ፓርክ ነድተው መጥተው አብረዋት ተሰለፉ። ያን ቀን ማዘንጊያ ባጇን ከካፖርቷ በታች ሹራቧ ላይ ሰክታት ነበር። ለምን እንደሰካቻት ዛሬም በትክክል አታውቅም። መታወቂያዋን ከውስጥ ኪሷ ልታወጣ ካፖርቷን ከፈተች። ስትወጣ ወይዘሮ ቆንጂት በር ላይ ጠብቀዋት «ኮትሽን ቆልፊው፣ ብርድ ይመታሻል» አሏት። መኪና ውስጥ «ደስ አለሽ?» አሏት። ደስ እንዳላት ነገረቻቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ ባጇን አልፈለጉም። ስሟንም አላነሡ። ማዘንጊያ እፎይ ማለት ሲገባት ይህም አናደዳት፤ ለካ እንዲህ በቀላሉ የሚረሱት ነገር ነበር ብላ።

ወይዘሮ ቆንጂት በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ስብስባቸውን ለአንድ የታሪክ ማኅበር ለመስጠት ወሰኑ፤ ማኅበሩም የካርዶቹ ዓመት በሙሉ በፈረንጅ እንዲስተካከል ጠየቀ። ልጃቸው ቢታንያ «ማም፣ ዴር ኢዝ አን አፕ ፎር ዛት፤ ስልኩ ራሱ ያሰላዋል» ብትላቸው፣ «አፑ አጠገቤ ተቀምጦ አያዋራኝም፤ ማዘንጊያን ኮል አድርጊልኝ» አሉ።

ከኅዳር 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ማዘንጊያ በየቀኑ ከቀትር በኋላ እየመጣች አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች። በዚህ ጊዜ ወንበር ነበራት። ካርዱን ታነባለች፣ እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ዓመቱን ያሰላሉ፣ እርሷ ትጽፋለች። ስድሳ ዓመት ሙሉ የቀናችበት ሰው ለሦስት ወር የብቻዋ ሆነ። ስድስቱ ሣጥኖች አለቁ። ሰባተኛው የሚስስ ዶረቲ ዕቃ ያለበት ነበር፤ ባጇ የነበረችበት ባዶ ቦታ የሚገኘውም እዚያ ነው። ማዘንጊያ እርሱን ከመደርደሪያው ማውረድ አቃታት። መነጽሬን ረሳሁ አለች፣ ወገቤን አመመኝ አለች፣ ያለቁትን እንደገና አየች። ወይዘሮ ቆንጂት በየቀኑ «ሰባተኛው ጋ ደረስሽ?» ይሏታል። «ገና ነኝ፣ እትዬ» ትላለች። ቢታንያን «አምጪው» ማለት ይችሉ ነበር፤ አላሉም። ድምፃቸው ሊሰማ ሲያቅተው እንኳ ሰባት ጣት አሳይተዋታል፤ እርሷም ገና ነኝ ስትል ራሷን ነቀነቀች።

ሲታመሙ ከቆዩ በኋላ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

በማግስቱ ማዘንጊያ ሰባተኛውን ሣጥን አወረደችው። ባዶው ቦታ እንዳለ ነበር። ካርዱም በቦታው ነበር፤ በዚያ በታወቀ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ባጅ፣ ቢጫ። ኦሃዮ፣ 1904 ዓ.ም.። ለባሽ፦ የሚስስ ዶረቲ እናት። ለባሽ፦ እህቴ ማዘንጊያ ዓባይነህ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ዋይንላንድ ፓርክ፣ የመጀመሪያ ድምፅዋን ስትሰጥ። ያለችው እርሷ ጋ ነው።»

በሰባቱ ሣጥኖች ውስጥ ከፈረንጆቹ ሌላ በለባሽነት የተጻፈ ስም ይህ ብቻ ነው። ወይዘሮ ቆንጂት የራሳቸውን አንድ ቦታ እንኳ አልጻፉም። ማዘንጊያ ካርዱን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ስሟ ከሌላ ሴት በታች መስፈሩንም ሳታይ አላለፈችም፤ ይህን የምትጽፈው እህቷ ቢሰሙ እንደሚስቁ ስለምታውቅ ነው። ከሁሉ የሚቆጫት ግን ካርዱን አብረው ማንበብ ይችሉባቸው የነበሩት እነዚያ የከሰዓት በኋላ ጊዜያት ናቸው። እርሳቸው ይጠብቁ የነበሩት ባጇን አልነበረም።

ባጇ ዛሬ በማዘንጊያ ጥቁር ልብስ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያያት ቦታ አለች። ከቀብር መልስ ወደ ቦታዋ ትገባለች።

ወይዘሮ ቆንጂት ከባለቤታቸው ከአቶ ጎሹ፣ ከልጆቻቸው ከቢታንያና ከየአብሥራ፣ ከልጅ ልጃቸው ከአርሴማ፣ ከአንዲት እህታቸውም ተለይተዋል። የሰውን ስም ሲያሰባስቡ የኖሩትን እናት ቸሩ አምላክ ስማቸውን በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን፤ ነፍሳቸውን ከቅዱሳን ጋር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ። አሜን።

ማዘንጊያም በጊዜው ያልመለሰችውን መልስ እዚህ ታሰፍራለች፦ እትዬ፣ ሰባተኛው ጋ ደርሻለሁ።