ከውጭ የሚቀረቀር በር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? የጀርባሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ወንበር ተደግፈሽ ነው የምትነሺው? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ። እጄ ላይ የላሜራ ጭረት አለብኝ፣ እሱም ይድናል። ስምንት ወር ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት ወረቀት ሲደርስሽ "ምን ፈልጎ ነው?" እንደምትይ አውቃለሁ። ብትጠረጥሪኝ አልፈርድብሽም። ስለ እኔና ስለ አንቺ ከማንሳቴ በፊት ግን ጋራዣችን ስለመጣ አንድ ሰው ላጫውትሽ። እስከ መጨረሻው ታገሺኝ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሰዎች ፒካፓቸውን ያመጡልናል፣ እኛ ሜዳ ላይ የሚታደርበት ቤት አድርገን እንመልስላቸዋለን። ከኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ፣ ካሶኒው ላይ ክዳን እንገጥማለን፣ ከውስጥ አልጋና መሳቢያ፣ ከጎን የሚዘረጋ ጥላ፣ የውሃ ታንከር ከነቧንቧው፣ ለመብራትና ለማቀዝቀዣ ሁለተኛ ባትሪ። ደንበኞቻችን ወሬ ይወዳሉ። የት እንደሚሄዱ፣ ከማን ጋር እንደሚሄዱ፣ ባለፈው ዓመት የትኛው ጭቃ ውስጥ ተይዘው እንደቀሩ ሳትጠይቂያቸው ይነግሩሻል።

ይሄ ሰውዬ ግን ቃል የሚቆጥብ ነበር። ስድሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የራሱን ሜትር ይዞ ይመጣና እኛ የለካነውን እንደገና ይለካል። "ሦስት ሚሊ ተርፏል" ብሎ የተገጠመ መሳቢያ ስላስፈታን ቀለም ቀቢያችን "ሚሊሜትር" የሚል ስም አወጣለት። ስንስቅበት ሰነበትን። ሳቄ የቆመው ስለ ኋላው በር ማዘዝ ሲጀምር ነው።

መቀርቀሪያው ከውጭ ብቻ ይሁን፣ ከውስጥ እጀታ አልፈልግም አለ። መስኮቶቹ ጠባብና ከፍ ያሉ ሆነው ሽቦ ይወጠርባቸው አለ። የብረቱ ማዕዘን ሁሉ በስፖንጅ ይሸፈን አለ። አልጋው ከውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ታጣፊ አልጋ ደግሞ ከውጭ፣ ጥላው ሥር፣ ልክ በሩ ፊት ለፊት እንዲዘረጋ ፈለገ። "ውስጥ ምን ሊጭኑበት ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። "ዕቃ ነው" አለኝ። ለዕቃ ፍራሽ የሚያነጥፍ ሰው አይቼ አላውቅም። "ከማን ጋር ነው የሚጓዙት?" ስለው "ብቻዬን ነኝ" ብሎ ሜትሩን ጠቅልሎ ወጣ።

በማግስቱ የባትሪውን ሽቦ ለመሳብ ጋቢና ገባሁ። ከመቀመጫው ሥር የሴት ጫማ አገኘሁ፤ ማሰሪያው ተመዝዞ ወጥቷል። የዳሽቦርዱን ሳጥን ስከፍት ደግሞ ግማሹ ያለቀ የእንቅልፍ መድኃኒት አየሁ። ወዲያው ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ። ብቻዬን ነኝ የሚል ሰው፣ የሴት ጫማ፣ የሚያስተኛ ክኒን፣ ከውስጥ የማይከፈት በር።

ለጋራዡ ባለቤት ነገርኩት። ሻዩን ሳያስቀምጥ ሰማኝና "እኛ የተቀጠርነው ብረት ለመብሳት ነው እንጂ ለመጠርጠር አይደለም" አለኝ። "ፖሊስ ጋ ሄደህስ ምን ልትል ነው? ጫማ አየሁ ልትል?" ግን አንዴ ነገር ካደረብኝ እንደማይለቀኝ አንቺ ታውቂያለሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን መቀርቀሪያ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጣው የእማዬ መኝታ ቤት በር ነበር። ባለፈው ስመጣ በሯ ላይ ከውጭ በኩል ያስገጠምሽውን ሳይ ያልኩሽን ታስታውሻለሽ። "አንቺ ልጇ ነሽ ወይስ ዘበኛዋ?" አልኩሽ። ማታ ማታ ትወጣብኛለች ብለሽ ልታስረጂኝ ስትሞክሪ አላስጨረስኩሽም። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቼ፣ መቀርቀሪያውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ምሳ ሳልበላ አውቶቡሴን ያዝኩ። ሁለት ቀን እንኳ ሳላድር። እንግዲህ በዚያው ልቤ ነው ይሄን ሰውዬ ስመለከት የሰነበትኩት።

ሊረከብ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሌሎቹ ለምሳ እንደወጡ፣ መቀርቀሪያው ላይ ቀጭን የብረት ገመድ አሰርኩና በበሩ ውስጥ ለውስጥ ስቤ ከአልጋው ራስጌ በታች አወጣሁት። ጫፉ ላይ ቀለበት ገጠምኩለት። ቀለበቱ ሲሳብ በሩ ይከፈታል። የሚዘጋበት ሰው እንዲያየው ብዬ ቀይ ቀባሁት። በማግስቱ ሰውዬው መጥቶ ሁሉን አንድ በአንድ ለካ፤ የአልጋውን ሥር ግን ጎንበስ ብሎ አላየም። ጨብጦኝ፣ አመስግኖኝ ሄደ። አልዋሽሽም፣ የዚያን ቀን ሰው ያዳንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነው ወደ ቤት የገባሁት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ፒካፑ አቧራ ለብሶ ተመልሶ መጣ። ሰውዬው ወርዶ መዳፉን ዘረጋልን። ቀዩ ቀለበት ነው። "ይሄን የሠራው ማነው?" አለ። ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ከመጀመሪያውም ማለት ነበረብኝ።

ድምፃቸው ከፍ አላለም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ነኝ አልኳቸው። ለምን ሲሉኝም አልደበቅኩም፣ ሰው ሊዘጉበት ነው ብዬ ጠርጥሬዎት ነው አልኩ። "ልክ ነህ፣ ሰው ነው የምዘጋበት" አሉኝ። "ባለቤቴን።"

የጎማ ክምር ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ። ሁለቱም መሬት ቀያሾች ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብረው በድንኳን ኖረዋል። ባለቤታቸው ሁሉን መርሳት ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ቤት ውስጥ "ይሄ የማን ቤት ነው?" እያለች ታድራለች፤ ሜዳ ላይ ከወጣች ግን ትረጋጋለች፣ ትስቃለች፣ ትበላለች። ሲመሽ እሳቸውን አታውቃቸውም። "የማታውቀው ወንድ አጠገቧ ቢተኛ ትጮሃለች" አሉኝ። "ስለዚህ እኔ ደጅ፣ በሩ ላይ እተኛለሁ።" ስላየሁት ጫማና ክኒን ስነግራቸውም አስረዱኝ፤ የጫማዋን ማሰሪያ ያወጡት ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ደሟን ስለምታቆም ነው። ክኒኑ የራሳቸው ነው፤ እሷ ብትነሳ አልሰማም ብለው ከቤት ከወጡ ወዲህ አልዋጡትም።

ጉዞ በወጡ በአራተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ በሩን ቀርቅረው ውሃ ሊጥዱ ዞር አሉ። ሲመለሱ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለጓት። ጠጠር የሚያመላልስ ሾፌር ነው መንገድ መሀል በባዶ እግሯ ስትሄድ ያገኛት፤ ፍሬኑን የያዘው ለጥቂት ነው።

ምን ልበል? "ዕቃ ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት" አልኳቸው፣ ራሴን ለማዳን። "ነው" አሉ። "የእሷን ነገር ለማያውቃት ሰው ማውራት ይከብደኛል። ግን አንተስ ሁለተኛ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?"

ጋቢናው ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ሁለቱም እግሮቿ በፋሻ ተጠቅልለዋል። ይቅርታ ልላት በመስኮቱ ስጠጋ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ዘንጉን ቀጥ አድርገህ ያዝ እንጂ፣ ንባቤን እያበላሸህብኝ ነው" አለችኝ። ባልየው በዓይናቸው እሺ በላት አሉኝ። ድሮ መሬት ስትቀይስ ከፊቷ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ይዞ የሚቆም ሠራተኛ ነበራት። እኔም ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መጥረጊያ አንስቼ ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። አንድ ዓይኗን ጨፍና አነጣጠረችኝ፣ በጣቷ መዳፏ ላይ የሆነ ቁጥር ጻፈች፣ ከዚያ "ጎበዝ፣ ወደሚቀጥለው ሂድ" አለችኝ። እታለም፣ እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ።

ገመዱን ቆርጬ ላውጣው ስላቸው እምቢ አሉኝ። "እኔ አንድ ነገር ብሆን እዚያ ውስጥ ታልቃለች፤ ይሄን አላሰብኩትም ነበር" አሉ። ስለዚህ ቀለበቱን መልሼ ገጠምኩ፣ በሩ ላይ ደግሞ ሲከፈት የሚጮህ ደወል ጨመርኩ፤ ድምፁ የሚመጣው ከውጭው አልጋ ራስጌ ነው። እስኪበቃቸው ድረስ አሥራ አምስት ጊዜ ከፍተው ሞከሩት። "እንደገና ሊወጡ ነው? አይፈሩም?" አልኳቸው። "ቤትም ሆኜ እፈራለሁ" ብለው ሞተሩን አስነሱ።

ትናንት አንቺ የጻፍሽልኝን የመጨረሻ ወረቀት አውጥቼ አነበብኩት። እኔ ከሄድኩ በሁለተኛው ሳምንት የጻፍሽው ነው። "እማዬ ውጭ ወድቃ ዳሌዋን ተጎዳች፣ አሁን ደህና ናት" ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። ውጭ ነው የሚለው። እንዴት ወጣች ብዬ አልጠየቅኩሽም፤ መልስም አልጻፍኩልሽ። አንቺም እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም። መቀርቀሪያውን ፈትቼ ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ያልነገርሽኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል።

ከጋራዡ የአንድ ወር ፈቃድ አግኝቻለሁ። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እመጣለሁ፤ አንቺ ወደ ፈለግሽበት ሂጂ፣ ጀርባሽን ታከሚ፣ ካሻሽም ዝም ብለሽ ተኚ። ከመምጣቴ በፊት ግን ለአዲስ ሠራተኛ እንደምትጽፊ አድርገሽ ሁሉን ዘርዝሪልኝ። በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ አላውቅም። ምን እንደሚያስፈራት፣ ሌሊት ስትነሳ ወዴት እንደምትሄድ፣ የማንን ስም እንደምትጠራ አላውቅም። እኔን ካላወቀችኝስ ማን ነኝ ልበላት? እሱንም ጻፊልኝ።

ፈጣሪ ለጉልበትሽ ብርታት፣ ለሌሊትሽ እንቅልፍ ይስጥሽ። እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ማን ነው የላከሽ ካለችሽ ግን አትጨነቂ፣ ዝም ብለሽ ሳሚያት።

ታናሽ ወንድምሽ