የደንበኛ ቤት

ውድ ወንድምዓለም፣

ሽንት ቤቱ ተበላሽቷል። ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ ደብዳቤ እንዲህ እንደማይጀመር አውቃለሁ። ግን ከሌላ ነገር ብጀምር መዋሸቴ ነው፤ ውሸት ደግሞ በቅቶኛል።

ከሁለት ሳምንት ወዲህ ውሃው ከታንከሩ ወደ ሳህኑ ሲወርድ ይውላል። ድምፁ በጣም ቀጭን ስለሆነ ባለቤቴ አልሰማውም፤ እኔ ግን የአንተ እህት ነኝና ሰማሁት። ክዳኑን ገለጥ አድርጌ የእስክሪብቶ ቀለም ጠብ አደረግሁበትና ጠበቅሁ። ማንም ውሃ ሳይለቅ ሳህኑ ውስጥ ሰማያዊ ነገር ወረደ። «ቀለሙ ከወረደ ጥፋቱ የጎማው ነው። ማንም መጥቶ ሙሉው ይቀየር ቢልሽ እሺ እንዳትዪ» ያልከኝ ትዝ አለኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ ሠራተኛ ፍለጋ ጀመርኩ። የመጀመሪያው እጁን ከኪሱ ሳያወጣ፣ ከበሩ ላይ ሆኖ አየት አደረገና «ይሄ ሁሉ ተነቅሎ በአዲስ ነው የሚተካው» አለኝ። ሸኘሁት። ሁለተኛው በደወልኩለት ቁጥር «መንገድ ላይ ነኝ» ሲለኝ ሦስት ቀን አለፈ፤ ባለቤቴ «መንገደኛው» የሚል ስም አወጣለት። ሦስተኛው ትናንት መጣ። ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ቁጥብ ሰው ነው። ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ «ውሃው የሚዘጋው የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መፍቻ ከማውጣቱ በፊት ይህን የሚጠይቅ ሠራተኛ አይክድሽም ትለኝ ስለነበር ደስ ብሎኝ አስገባሁት።

የታንከሩን ክዳን አንስቶ ገለበጠው። እኔ ቀለሙን ስጨምር ወደ ጎን አስቀመጥኩት እንጂ ገልብጬ አላየሁትም ነበር። ከሥሩ የአንተ የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ ያ ወደ ግራ የሚጋደም ጽሑፍህ። ሦስት መስመር ነው፣ ሁሉም ቀን አለው።

«ቫልቭ ተቀየረ። የሚጣ ቤት።»

«የኳሷ ዘንግ ተቃና። የሚጣ ቤት።»

«ጎማ ተቀየረ። የደንበኛ ቤት።»

«ይሄንን እጅ አውቀዋለሁ» አለ ሠራተኛው ፈገግ ብሎ። «ሥራ ያስተማረኝ ሰው ነው። ከአንተ በኋላ ለሚመጣው ጻፍለት፣ እሱም በጨለማ አይዳክር ይላል። ሚጣ እህቱ ነች። አንድ እህት አለችኝ፣ ውጭ አገር ነች ይለናል። ሲያነሳት አይጠግብም።» ከዚያ ሦስተኛውን መስመር በጣቱ እየነካ ወደ እኔ ዞረ። «እዚህ ላይ ደንበኛ ብሏል። ቤቱን ከእሷ ነው እንዴ የገዙት?»

«አዎ» አልኩት።

ወንድምዓለም፣ ይኸው ለሁለተኛ ጊዜ ካድኩህ።

የመጀመሪያውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታስታውሰዋለህ፤ ቢሆንም እኔ በእጄ ልጻፈው። የዛሬ አማቴ ቤቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ የሚመጡበት ቀን ነበር። ሽንት ቤቱ ተደፍኖ ውሃው ወለሉ ላይ ሲፈስ ደወልኩልህ። የያዝከውን ሥራ ጥለህ ደረስክ። የተደፈነውን ከፈትክ፣ ወለሉን ሳይቀር ጠርገህልኝ፣ «ከመጣሁ አይቀር» ብለህ ጎማውን ቀየርክ። እንግዶቹ ቀድመው መጡ። አንተ ሱሪህ እስከ ጉልበትህ ርሶ፣ እጆችህን ከልብስህ አርቀህ ስትወጣ ሳሎኑ መሀል ተገጣጠማችሁ።

«ማነው?» አሉ አማቴ።

«ቧንቧ ሠራተኛ ነው» አልኩ።

ሙያህ ስለሆነ ውሸት አልተናገርኩም ብዬ ስንት ጊዜ ራሴን ለማታለል ሞከርኩ መሰለህ። እውነቱ ግን አፍሬብህ ነው። ለእነሱ አስቀድሜ «ወንድሜ የውሃ ሥራ ላይ ነው» ብያቸው ነበር። «መሐንዲስ ነው?» ሲሉኝ ዝም አልኩ። «ውጭ አገር ነው?» ሲሉኝ ራሴን ነቀነቅሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ነው ወንድሜን ከአገር ያስወጣሁት።

አንተ ለአፍታ ብቻ አየኸኝ። ከዚያ አንገትህን ሰበር አድርገህ «ጨርሻለሁ፣ እመቤት። ካስቸገረዎት ይደውሉልኝ» አልከኝ።

ካስቸገረዎት። እናታችን ስትሞት ትምህርትህን አቋርጠህ መፍቻ የጨበጥከው፣ የተቀደደ ደብተሬን በቧንቧ ቴፕ እየጠገንክ ትምህርት ቤት የላክኸኝ አንተ፣ አንቱ አልከኝ። «ዕቃዬን ልሰብስብ» ብለህ ተመልሰህ ገባህ። ክዳኑ ሲነሳና ሲገጠም ከሳሎን ሰማሁት። የምትፈትሽ መስሎኝ ነበር። ምን ትጽፍ እንደነበር ያወቅሁት ትናንት ነው።

በማግስቱ ስደውልልህ «ሰላም ነዎት? ምን ተበላሸብዎት?» አልከኝ። እንደ ልማድህ የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አንተ አልሳቅህም። ይቅርታ ለማለት አፌን ከፍቼ «ምንም፣ እንዲያው ነው» ብዬ ዘጋሁት። ሁለት ጊዜ እንደዚያው ሆነ፤ በሦስተኛው ስልኬን አላነሳህም። ሠርጌ ላይም አልጠራሁህም። ወንድምሽስ ላሉኝ ሁሉ ፈቃድ አልሰጡትም ብዬ መለስኩ።

ያላወቅሁ መስሎህ እንዳይሆን፤ አማቴ ቤት ሁለት ዓመት እንደሠራህ አውቃለሁ። ያን ዕለት ስትወጣ ስልክህን የተቀበሉህ ሥራህን ወደውት ነው። ምሳ ላይ ስምህን ሳያውቁ ያመሰግኑሃል፤ «እጁ ወርቅ ነው» ይላሉ። አንድ ቀን ምን አሉኝ መሰለህ? «ስለ ወንድምሽ አጫወትኩት፤ መሐንዲስ ነው ስለው፣ ጎበዝ ነው፣ እግዜር ይጠብቅላት አለኝ።» «አሜን» አልኩ። ወጥም ጨመርኩላቸው።

ሠራተኛው ጉልበትህን እንደታመምክ፣ ጎንበስ የሚያሰኝ ሥራ ትተህ ትንሽ ሱቅ ውስጥ የቧንቧ ዕቃ እንደምትሸጥ ነገረኝ። የያዘው ጎማ ለዚህ ታንከር ልኩ አልነበረም። «ከነገ ወዲያ ከእሱ ሱቅ አመጣልዎታለሁ» ብሎኝ ሄደ። ክዳኑን ሲገጥም የምቆምበት አጣሁ።

ዛሬ ምሳ ላይ ተናገርኩ። ባለቤቴም አማቴም ነበሩ። ቃሉን አሳምሬ ልናገረው አስቤ ነበር፣ አልሆነልኝም፤ «ያ ቧንቧ ሠራተኛ ወንድሜ ነው» ብቻ አልኩ። ባለቤቴ ሰሃኑን አንስቶ ወደ ማድ ቤት ገባ፤ እስካሁን አላናገረኝም። አማቴ እጃቸውን ከማዕዱ ላይ አነሱ።

«ሁለት ዓመት በጓሮ በር ነው ያስገባሁት» አሉ። «ውሃ እንኳ የሚጠጣው ቆሞ ነው። አንድ ቀን ተቀመጥ አላልኩትም።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሳይሰናበቱኝ ሄዱ።

ነገ ጠዋት ሠራተኛው ጎማውን ይዞ ሲመጣ ይህን ደብዳቤ እሰጠዋለሁ። ሚጣ እኔ ነኝ፣ ቤቱንም ከማንም አልገዛሁትም እለዋለሁ። ምን እንደሚያስብብኝ አላውቅም። አንተም ደብዳቤውን ሳትከፍት ሱቅህ ውስጥ ከሆነ ዕቃ ሥር ልትወሽቀው ትችላለህ፤ መብትህ ነው። ሦስተኛውን መስመር አላጠፋሁትም፣ አላስጠፋውምም። እጅህ የጻፈው ልክ ነው።

ከመጣህ ግን ቦርሳህን አትያዝ፣ በፊት ለፊቱ በር ግባ። ጉልበትህን ስለሚያምህ ለስላሳውን ወንበር ከበሩ አጠገብ አድርጌልሃለሁ። ይቅር በለኝ ለማለት አልደፍርም። ልትቆጣኝ፣ ልትሰድበኝም ትችላለህ። ብቻ ስትሰድበኝ አንቺ ብለህ ስደበኝ።

እህትህ
ሚጣ