ከአንድ ገጽ የተረፈችው መስመር

ውድ ጋሼ፣

ባለፈው ማክሰኞ ቢሮዬ ድረስ መጥተው እንደማላውቅዎ ሆኜ ስለሸኘሁዎት ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። ግን ይቅርታው ከማክሰኞ ቢጀምር ውሸት ይሆንብኛል። የሚጀምረው ከሁለት ወር በፊት ነው። ያን ቀን አንዲት መስመር ሰረዝኩ፤ መነጽር ቤትዎን ሊያዘጋ የደረሰውም ያ ስረዛ ነው።

በንግድ መሥሪያ ቤቱ የፖሊሲ ክፍል ስቀጠር ለጎረቤቱ ሁሉ «የእኔ ልጅ አገር ልታቀና ነው» ይሉ ነበር። እኔም አመንኩዎት። ጠዋት ከጽዳት ሠራተኛዋ ቀድሜ እየደረስኩ በር ላይ እጠብቃት ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ክፍል ኃላፊያችን ከስብሰባ እየሮጠች መጣች። ትልቁ ሰው (እኛ በሹክሹክታ የምንጠራቸው እንዲህ ነው) ለጉብኝት በሄዱበት ሻይ ቀረበላቸው። ብርጭቆውን ገልብጠው ከሥሩ የተጻፈውን ሲያስነብቡ የውጭ አገር ሆኖ ተገኘ። «እኛ ፋብሪካ የለንም እንዴ?» አሉ። በቃ። ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ነበር፤ ለብርጭቆ ተብሎ ሰው ከዕረፍት አይጠራም ተባለ። ከውጭ በሚገባ ብርጭቆና በመስታወት ውጤት ሁሉ ላይ የስልሳ በመቶ ቀረጥ ትዕዛዝ እስከ ስምንት ሰዓት ተረቆ ይቅረብ!

«ስልሳ ለምን ሆነ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ሃምሳ የፈራ ይመስላል፤ ሰባ ደግሞ የተቆጣ» አለችኝ ኃላፊዬ።

ረቂቁን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ «ይህ ቀረጥ ለዓይን መነጽር የሚውሉ ሌንሶችን አይመለከትም» የሚል መስመር ነበረው። እርስዎን እያሰብኩ ነው ያስገባኋት። ችግሩ፣ ትልቁ ሰው ከአንድ ገጽ በላይ አያነቡም። በሰው ፊት መነጽር ማድረግም ስለማይወዱ ፊደሉ ትልልቅ መሆን አለበት። የእኔ ረቂቅ በዚያች በአንዲቱ መስመር ወደ ሁለተኛ ገጽ ተሻገረ። ለስምንት ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀርቷል። መግቢያውን ማሳጠር እችል ነበር፤ «በአመራሩ አርቆ አሳቢነት» የሚለው ውዳሴ ብቻ ሦስት መስመር ይፈጃል። እሱን መንካት ፈራሁ። የእርስዎን መስመር ሰረዝኩ። በኋላ በመመሪያ ይስተካከላል አልኩ ለራሴ።

ተፈርሞ ሲመለስ ኃላፊዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «አንቺ ልጅ፣ ሩቅ ትሄጃለሽ» አለችኝ። ጋሼ፣ ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልንገርዎት፤ ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት እየዘለልኩ ነው።

ወሩ ሳይሞላ ቅዳሜ ሱቅዎ ስመጣ መደርደሪያው ባዶ ነበር፤ የሌንስ ካርቶኖቹ ቀረጡ እስኪከፈል ጉምሩክ መጋዘን ተይዘዋል። ጎረቤትዎ ልብስ ሰፊዋ ወንበር ስባ ተቀምጣለች። መነጽሯ ከተሰበረ ወዲህ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቷት፣ ልጇ ከትምህርት ቤት እስክትመጣ እጇን አጣጥፋ እንደምትውል እየነገረችዎት ነበር። እርስዎ ወደ እኔ ዞሩ።

«እስቲ ችኩሏ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ። ይሄ ነገር ለምን ሆነ?»

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ማስረዳት ጀመርኩ። ጨቅላ ኢንዱስትሪ እስኪጠነክር ጥበቃ ይፈልጋል አልኩ።

«የቱ ጨቅላ?»

«ብርጭቆ ፋብሪካው።»

«እሱ እኮ እኔ ሳልወለድ የተከፈተ ነው! መቼ ነው ጡት የሚጥለው?»

«ለመሆኑ ሌንስ ይሠራል?» አለች ሰፊዋ።

«አሁን አይሠራም፤ ወደፊት ግን…»

«ሙቅ ሻይ ሲቀዳበት የሚፈነዳውን ሠርቶ ሠርቶ፣ ቀጥሎ ዓይኔ ላይ ሊመጣ ነው? እስከዚያ በዳበሳ ልስፋ በይኛ!»

ሳቃችሁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ እርስዎ «ተያት፣ እሷ ምን ታድርግ፤ ከላይ የመጣ ነው» ብለው ተከላከሉልኝ። ያኔ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።

ማክሰኞ የመነጽር ሠሪዎች ማኅበርን አቤቱታ ይዘው፣ ሙሉ ልብስዎን ለብሰው መጡ። ሲያዩኝ ፊትዎ በራ። ኃላፊዬ አጠገቤ ቆማ ነበር።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

«አይ፣ ባለጉዳይ ናቸው» አልኩ።

እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉኝን ሰው! አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ «እመቤት፣ ጊዜ ሲያገኙ ይመልከቱልን» አሉኝ። ውሸቴ እንዳይጋለጥ አንቱ አሉኝ። በሁለት እጅዎ የሰጡኝን ወረቀት በአንድ እጄ ተቀብዬ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም መታሁበት። ደረጃውን ሲወርዱ ከመስኮት አየሁዎት፤ ባርኔጣዎን ያደረጉት ከግቢው ከወጡ በኋላ ነው። አቤቱታው ላይ የሌንስ መሞረጃ ማሽንዎን በወሩ መጨረሻ ሊሸጡት እንደሆነ አነበብኩ። ለእኔ አልነገሩኝም ነበር።

ትናንት ኃላፊዬ ቢሮ ገብቼ «የሌንሷን መስመር የሰረዝኳት እኔ ነኝ፤ ስህተት ነው፤ እናስተካክለው» አልኳት። ተነሥታ በሩን ዘጋችው።

«ትዕዛዙን ማን ፈረመው?»

«ትልቁ ሰው።»

«ትልቁ ሰው ይሳሳታሉ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

«እንግዲያው አንቺም አልተሳሳትሽም። የፈረሙበት ስህተት ፖሊሲ ይባላል። አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ።»

እንዲህ ያለ ምሕረት ሰምተው ያውቃሉ? ጥፋተኛዋ እኔ በነጻ ተለቀቅኩ፤ ቅጣቱን የሚጨርሱት እርስዎና ሰፊዋ ናችሁ። በልጅነቴ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ያፈሰስኩትን ሰው እያስለቀምኩ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የታጠፈው ወረቀት የመጀመሪያው ረቂቅ ነው፤ መስመሯ አለችበት። ከግርጌው ማን እንደሰረዛት፣ በምን ቀንና ለምን እንደሰረዛት በእጄ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ምክር ቤቱ ሰኞ ከዕረፍት ይመለሳል፤ ማኅበራችሁ በዚያው ቀን አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ ይህን ያሳዩ። ይስሙ አይስሙ ቃል ልገባልዎት አልችልም። ብቻ ማሽኑን እስከዚያ አይሽጡት።

ይህን በማድረጌ ሥራዬን እንደማጣ አውቃለሁ። አልፈራሁም ብል ደግሞ ሌላ ውሸት ነው። ኮሚቴው «ወረቀቱን ከየት አመጡት?» ይልዎታል። ከመንገድ አገኘሁት ሊሉ እንደሚችሉ አውቃለሁ። እባክዎን ጋሼ፣ የአሁኑን አይሸፍኑልኝ። ስሜን ይጥሩ፤ የእህቴ ልጅ ናት ይበሉ።

እኔም ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር አልቀመጥም። ካላፈሩብኝ አጠገብዎ ወንበር ይያዙልኝ፤ ካፈሩብኝም ከኋላ እቆማለሁ።

የእህትዎ ልጅ፣
ችኩሏ