በጄላቶ ዕቃ ትምህርት ቤት የሄደው ቁሌትሽ

እማዬ፣

ከተለየሽን ዛሬ ስምንት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። እንደምን አለሽ ብዬ አልጀምርም፤ ደህና መሆንሽን ሁሉም ሰው ይነግረኛል። ማኅበርተኞችሽማ ያረፍሽበትን ቦታ አይተው የመጡ ይመስል ነው የሚያወሩልኝ። እኔ ግን ተናድጄብሻለሁ። ይህን ለማን እንደምናገር ስላጣሁ ነው ለራስሽ የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። በመጋቢት ተመረቅሁ። መሐንዲስ ሆንኩልሽ። እንደ ጣልያኖቹ ወግ የቅጠል አክሊሉን ጭንቅላቴ ላይ ደፉልኝ፤ አባዬ የሠርጉን ከራቫት አስሮ መጣና ከእኔ የበለጠ ፎቶ ተነሣ። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ ከሮማ ርቆ ቶሪኖ ከተማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ሰጠኝ፤ ደህና ኮንትራት ያለው፣ በሙያዬ። እስከ አርብ መልስ ይጠብቃሉ። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ። ከዚያ ታናሽ እህቴ ሶስና የቤት ሥራዋን ይዛ ገባች፤ አየኋትና አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ጠዋቱ የእኔ ነው። ሶስናን መቀስቀስ፣ ጸጉሯን ማበጠር፣ ማብላት፣ ማድረስ። አባዬ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ሥራው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ቤት አለ፤ አለ ማለት ግን ኮሪደሩ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ከሰዓቱን ማኅበርተኞችሽ እንይዛታለን ብለዋል፤ ጠዋቱን ግን እኔ ከሄድኩ ስምንት ዓመት የሞላትን ልጅ ማን ይይዛታል? ስለዚህ እንዲህ አልኩት፦ «ይህን ሳምንት ጠዋቱ ያንተ ነው። እኔ በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ፤ ቤቱ ቢቃጠል አልወጣም። ከቻልክ ቶሪኖ እሄዳለሁ፤ ካልቻልክ እቀራለሁ።» «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለኝ፣ ሻይ ያቀረብኩለት ይመስል።

ሰኞና ማክሰኞ እንደምንም አለፉ። ዛሬ የሶስና ክፍል የዓመት መዝጊያ ድግስ ነበረው። እሷ ጄላቶ አምጪ ተብላለች። አባዬ ትናንት ገዝቶ ፍሪዘር ውስጥ ከተተው፤ ትልቁን የቫኒላ አይስክሬም ዕቃ፣ ያንኑ አንቺ የምትገዢውን ዓይነት።

ቀሪውን ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ። በእኛ ቤት የጄላቶ ዕቃ ውስጥ መቼ ጄላቶ ኖሮ ያውቃል? ትዝ ይልሻል፣ ስድስት ዓመቴ እያለ ተደብቄ ክዳኑን ከፍቼ አንድ ማንኪያ በርበሬ አፌ ውስጥ የከተትኩ ቀን? ሳቅሽ አላስቆም ብሎሽ ወለሉ ላይ ቁጭ አልሽ። ሐሙስ ከሰዓት፣ በእረፍትሽ፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወሰድሽኝና እውነተኛውን ገዛሽልኝ። የራስሽን ሳትቀምሺ የእኔ ሲንጠባጠብ በመዳፍሽ ትቀበይ ነበር። ያን ቀን ስወድሽ!

ዛሬ ጠዋት በበሩ በኩል ሁሉንም እሰማለሁ። «ሶሲ! ሌላኛው ጫማሽስ?» «አባዬ፣ ይሄ የእህቴ ሸሚዝ ነው!» «ልበሽው፣ ልበሽው፣ ቀሚስ ይሆንሻል!» ማበጠሪያው ጸጉሯ ውስጥ ተሰበረ። ወተቱ ገነፈለ። ቁልፉን አሥር ደቂቃ ፈልጎ በሩ ላይ ተሰክቶ አገኘው። እኔ እጄን ጭኔ ሥር ቀብሬ፣ ላለመውጣት ጥርሴን ነክሻለሁ። በመጨረሻ ፍሪዘሩ ተከፍቶ ተዘጋ፤ «አሎራ፣ በይ እንሂድ፣ አውቶቡሱ!» ብሎ እየጎተታት ወጡ።

አራት ሰዓት ላይ መምህሯ ደወለች። «ሲኞሪና፣ አባትሽ የላኩት ጄላቶ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ቁሌት ነበር እማዬ። በነሐሴ ለእንቁጣጣሽ ብለሽ ያቁላላሽው፣ በዓሉ ሳይደርስ ሆስፒታል ገብተሽ የቀረው። ከእጅሽ የተረፈን የመጨረሻው ነገር። ለሙት ዓመትሽ ዶሮ ልሠራበት ብዬ ከአተሩ ከረጢት ሥር ደብቄው ነበር። አባዬ ለቫኒላው ቦታ ሲያስለቅቅ አውጥቶ ከላይ አስቀመጠው፤ ጠዋት በጥድፊያ ያገኘውን ይዞ ሄደ።

መምህሯ ቀዩን በረዶ ስታይ እንጆሪ መሰላት። ለክፍሉ ልጅ ሁሉ በየብርጭቆው አከፋፈለች። አንዱ ምላሱን አውጥቶ ወደ ቧንቧ ሮጠ፣ አንዷ አለቀሰች፣ አንዱ ደግሞ «ጄላቶው ያቃጥላል! ጄላቶ እንዴት ያቃጥላል?» እያለ ክፍሉን ዞረው። መምህሯ አለርጂ ፈርታ ሁሉንም ሰብስባ የምግብ ትራፊ መጣያው ውስጥ ደፋችው። ሶስና ግን «የእናቴ ነው! አይጣልም!» ብላ የራሷን ብርጭቆ ይዛ ጠረጴዛ ሥር ገባች፤ እስከ መጨረሻው ላሰችው። መምህሯ የደወለችው ሆዷን እንዳያማት ሰግታ ነው።

ስልኩን ዘግቼ ወጣሁና፣ እሷን አድርሶ የተመለሰው አባዬ ላይ ጮኽኩበት። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «ክዳኑን መክፈት እንኳ አትችልም?» አልኩት። እሱም ጮኸ። «ከፍቼ ባየውስ በምን አውቀዋለሁ? እናትሽ አንድ ቀን አስነክታኛለች? ሽንኩርት ልላጥልሽ ስላት ‹ውጣልኝ› ነው የምትለኝ! አሥራ ሰባት ዓመት የዚህ ኩሽና በር ላይ ነው የቆምኩት!»

የተናደደው በእኔ አልነበረም። እንደ እኔው ባንቺ ነው።

እውነቱንም ነው። የቤት ሠራተኛ በሆንሽበት በሲኞራሽ ቤት፣ በእረፍት ወር ለምትተካሽ ልጅ ብለሽ መሳቢያውን ሁሉ ጽፈሽ ለጥፈሻል፤ የመድኃኒቱን፣ የፎጣውን፣ የውሻውን ብስኩት ሳይቀር። ጣልያንኛውን ያረምኩልሽ እኔ ነኝ። የራስሽ ቤት ግን አንድ ክዳን ላይ አንድ ቃል አልጻፍሽም። እዚህ የሚተካሽ ሰው ስለማይኖር ነው? ሳይነጋ ተነሥተሽ የአራት ሰው ሥራ ሠርተሽ ትወጫለሽ፤ ስንጠጋሽ «ተዉት፣ እኔ ቶሎ እጨርሰዋለሁ»። ራስ ምታቱንም ብቻሽን ልትጨርሺው ነበር። ሐኪም ጋ እንሂድ ብዬ ስለምንሽ «ሲኞራ ከባሕር ስትመለስ» አልሽኝ። ሲኞራ ከባሕር ተመለሰች፣ ፀሐይ ሞቃ፣ አምሮባት። አንቺ ከሆስፒታል አልተመለስሽም። ይህን እንዴት ነው የምተውልሽ? ንገሪኝ።

ሶስና ከሰዓት መጣች። ሆዷን አላመማትም። ቦርሳዋን ወርውራ «ለምን ደበቅሽው?» አለችኝ። ለሙት ዓመት ብዬ፣ አልኳት። «እሷ እኮ እንድንበላው ነው የሠራችው» አለችና እጇን ልትታጠብ ገባች። አባዬም ቢሆን ቀደም ብሎ ስለ ዕቃው ጠይቆኝ ቢሆን «ተወው፣ አትንካው» ነበር የምለው። ስምንት ወር ሙሉ የምለው ይህንኑ ነው። ጸጉሯን እንዲያበጥር መቼ ሰጠሁት? አንቺን እየተቆጣሁ ለካ ቁጭ ብዬ አንቺን ሆኛለሁ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

አባዬ ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል በር ላይ ዞረ። «ልጅቷን በሰዓቷ አድርሻለሁ» አለኝ። «ሁለት ጫማ አድርጋለች፤ ያውም አንድ ዓይነት። የተሳሳትኩት ዕቃውን ብቻ ነው። ነገም ሌላ እሳሳታለሁ። ሂጂ።» ጸጉሯ በአንድ በኩል ተፈትቶ ነበር፣ ሸሚዜ ጉልበቷ ድረስ ወርዶባታል። ግን ደርሳለች፤ በልታለች፤ ተመልሳለች።

አርብን አልጠበቅሁም። እሺ፣ እመጣለሁ ብዬ ጻፍኩላቸው። ግማሼ ደስታ፣ ግማሼ አሁንም ንዴት ነበር።

ሶስና ስታድግ ስለ አንቺ ትጠይቀኛለች። ሰው ሁሉ የሚነግራትን እንዳልደግምላት ቃሌ ነው። በመዳፍሽ ጄላቶ እንደተቀበልሽልኝ እነግራታለሁ፤ ችክ ማለትሽን፣ መደበቅሽን፣ ለሰው ቤት የሰጠሽውን ለራስሽ መንፈግሽንም እነግራታለሁ። ሳላሳምር። ንዴቴ አንድ ቀን ይበርድ ይሆናል፤ እስከዚያ ድረስ ግን አትስጊ። የተናደድኩበትን ሰው ረስቼ አላውቅም፤ እንዳንቺ ደግሞ ማንም አላናደደኝም።

ልጅሽ
ከሮማ