ባለ ሻርፗና ባለ ቁንጮዋ

ውድ እታለም፣

ትናንት «ደህና ነኝ፤ አንቺ ሥራሽን ያዢ» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። አፌን ስከፍት ስለማታስጨርሺኝ ይኸው በጽሑፍ መጣሁብሽ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ወፍ አባርራለሁ። አንቺ እንኳ «ዘመድ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» ብለሽኛል። ማኮብኮቢያው ዳር ሁለት ዓይነት ወፎች አሉ፤ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ጎጆ የሚባል አያውቁም፤ እንቁላላቸውን ባዶ ጠጠር ላይ ይጥላሉ። ትልቋን ባለ ቁንጮዋ እንላታለን። ወደ እንቁላሏ ከተጠጋሽ እሪ እያለች አናትሽ ላይ ትወርዳለች። ትንሿ አንገቷ ላይ ጥቁር መስመር ስላላት ባለ ሻርፗ ናት። እሷ ጠብ አትወድም። ክንፏን መሬት ለመሬት እየጎተተች ከፊት ከፊትሽ ትሄዳለች።

ሥራ የገባሁ ሰሞን ክንፏ የእውነት የተሰበረ መስሎኝ አንጀቴን በላችው። ጃኬቴን አውልቄ ልይዛት እስከ አጥሩ ተከተልኳት። አጥሩ ጋ ስንደርስ ቡር ብላ በረረች። ሾፌራችን በሳቅ ሞተ።

«ሸወደችሽ እኮ! እንቁላሎቿን እዚያ ትተሻቸው መጣሽ» አለኝ።

እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። የእንጀራ አባታችን ጠጥቶ የሚገባባቸው ምሽቶች ናቸው የመጡብኝ። እኔ አፍ አፉን እለዋለሁ። ቀበቶውን ሲፈታ ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ይሰበራል። «እኔ ነኝ የሰበርኩት» ትያለሽ፤ ሰውየው ወዳንቺ ይዞራል። ቤቱ ሁሉ፣ እናታችን ሳትቀር፣ ዝርክርኳ ይልሽ ነበር። እሱ በሌለበት ግን አንድም ዕቃ ከእጅሽ ወድቆ አያውቅም። ይህ የገባኝ እዚያ አጥር ሥር ቆሜ ነው፤ ሾፌሩ ፊት አለቀስኩ።

አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ ጎረቤትሽ ደወለችልኝ። ከወደቅሽ ወዲህ ደረጃውን ቁጭ ብለሽ እየተንፏቀቅሽ እንደምትወጪ፣ ሐኪሙም ብቻሽን መኖር እንደሌለብሽ ተናግሮ እንደነበር ሰማሁ። «እንዳትነግሪያት ብላ አስምላኛለች» አለችኝ። ወፏ ጤነኛ ሆና ታነክሳለች፤ አንቺ ደግሞ የእውነት ወድቀሽ ደህና ነኝ ትያለሽ። አሁንም እኔን ማራቅሽ ነው። እታለም፣ ከማን ነው የምታርቂኝ? ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ።

ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ የምመጣውም ለመክረም ነው። ብትቆጪም ብታኮርፊም አልመለስም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ስገባ ቀጥ ብለሽ ልትቀበዪኝ እንዳትነሺ። ተቀምጠሽ ላግኝሽ።

ታናሽሽ